ጋሽ ፍተሻና ዓይን አውጣዋ ሌባ

ጋሽ ፍተሻ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የጫማ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሰው መፈተሽ ነበር። የሚገባውን አይነኩትም። «የሚገባማ ምን ይዞ ይገባል? ችግሩን ነው» ይሉ ነበር። የሚወጣውን ግን ሥራ አስኪያጅም ይሁን ዘበኛ ሳይዳብሱ አይለቁትም። ፍተሻቸው ደግሞ እንደ ሌላው ፈታሽ ከትከሻ አይጀምርም። የጫማ ፋብሪካ ሌባ የሰረቀውን ተጫምቶት ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው እግር ያያሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። «ሰው የሰረቀ ዕለት አረማመዱ ይለወጣል፤ ገና ከሩቅ እግሩ ያሳብቅበታል» የምትለዋ አባባላቸው በሰፈሩ የማያውቃት የለም።

እንግዲህ እኚህን የተፈሩ ሰው ነው አንዲት ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ መጫወቻ ያደረገቻቸው።

ልጅቷ የሴት ልጃቸው ልጅ ናት፤ ሚጡ ይሏታል። እናቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ በትንሽ መኪና ለየሱቁ ብስኩት ያከፋፍላል፤ ሳይሸጥ የተረፈው ካርቶን ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ዕቃ ቤት ያድራል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጋሽ ፍተሻ ጓዛቸውን ጠቅልለው እዚህ ቤት ገቡ። ባልና ሚስቱ ጠዋት ሲወጡ አያትና የልጅ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ።

ነገር የተበላሸው ሚጡ ምሳ እምቢ ስትል ነው። ማንኪያ ሲቀርብ አፏን ግጥም፤ ቢለምኗት ወይ ፍንክች። ሐኪም ቤት ብትመዘን ክብደቷ ባለበት ቆሟል። ከዚያ አንድ ማታ እናቷ አገጯ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አየችና ነገሩ ወለል ብሎ ታያት።

«አባዬ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም» አለች በማግስቱ ወደ ሥራ ስትወጣ። «እሷ እንደሆነች ዓይን አውጣ ሌባ ናት፤ አንተ ደግሞ ጉልበትህን ያምሃል። እስከ ወሩ መጨረሻ ምሳዋን መብላት ካልጀመረች የሕፃናት ማቆያ አስገባታለሁ። እዚያ ብስኩት የለም።»

ጋሽ ፍተሻ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሆድ ግን ባሳቸው። ባለቤታቸው ያረፉ ሰሞን ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው የቧንቧ ጠብታ ሲያዳምጡ የዋሉባቸውን ቀናት አልረሷቸውም። ልጅቷ ከሄደች ያ ዝምታ ተመልሶ መምጣቱ ነው። «እኔ እያለሁ አንዲት ብስኩት በዚህ በር አታልፍም!» ብለው ለራሳቸው ማሉ።

መጀመሪያ ካርቶኖቹን መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀሏቸው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ተረቱ ተገለበጠ። ጋሽ ፍተሻ ቆመው የሰቀሉትን ሚጡ ቁጭ ብላ አወረደችው። ከካርቶኑ የተንጠለጠለውን ገመድ ይዛ፣ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ጎተተች፤ ካርቶኑ አጠገቧ ዱብ አለ። ሽማግሌው ልባቸው ቀጥ ልትል ምንም አልቀራት። ጭንቅላቷ ላይ ከሚወድቅስ ብለው ሁሉንም መልሰው መሬት አስቀመጡት።

ቀጥለው የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቃጭል አሰሩ፤ በሩ ሲከፈት ሊሰሙ። ሚጡ ቃጭሉን ወደደችው። ብስኩት ሲያምራትም ሳያምራትም በሩን እየወዘወዘች ታቃጭላለች፤ ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ ይሮጣሉ፤ ሲደርሱ ልጅቷ ትስቃለች። ሲመላለሱ ውለው ሲደክማቸው ቃጭሉን መስማት ተዉ። እሷ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ሙያቸው ተመለሱ። ትግባ፤ የሚያዘው ስትወጣ ነው። ከዕቃ ቤቱ መውጫው በማድ ቤቱ በኩል ብቻ ነውና ማድ ቤቱ በር ላይ ወንበር አድርገው ተሰየሙ። አረማመዷን ሊያዩ ሞከሩ፤ ምን ያደርጋል፣ የሚጡ አረማመድ ሁልጊዜም የሰረቀ ሰው አረማመድ ነው፤ እየተንገዳገደች፣ እግሯን ከፈት አድርጋ። ዓይኗን ሊያዩ ሞከሩ፤ ሌባ ዓይኑን ይሰብራል፣ እሷ ግን ፊት ለፊት እያየች ትፈግጋለች። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ጎንበስ ብለው ካልሲዋን ዳበሱ፣ ከዚያ ጉልበቷን፣ ሆዷን፣ ብብቷን፣ በመጨረሻም እጇን። ምንም የለም። ብብቷ ላይ ሲደርሱ እየተኮረኮረች በሳቅ ፈረሰች። ተፈትሻ ካለፈች በኋላ ዞር ብላ ተመልሳ ገባችና እንደገና ወጣች።

«ደሞ!» አለች እግሯን ከፍታ እየቆመች።

ጋሽ ፍተሻ በዕድሜያቸው ፍተሻ የሚያምረው ሰው አይተው አያውቁም ነበር። አንጀታቸውን በላችው። ጉልበታቸው እየጮኸ ደጋግመው ፈተሿት። ፍተሻው ሲያበቃ ጭናቸው ላይ ትወጣለች፤ እሳቸው ያንቀላፋሉ፤ እሷ ደረታቸው ላይ ተለጥፋ ዝም ትላለች። ከቀኑ ሁሉ ደስ የምትላቸው ሰዓት ይህች ነበረች።

የብስኩቱ መጉደል ግን አልቆመም። ምሳውም አልተበላም። ባዶ መጠቅለያ ከሶፋ ሥር እየተገኘ፣ ወሩ እያለቀ ሄደ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ቢባልም፣ የላሰችበትን ምላስ ማየት እንኳ አቃታቸው። እንቅልፍ አጡ።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ እናቷ ገና ከሥራ መግባቷ ነው፣ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ የሚታጠብ ልብስ ትለቅም ጀመር። የጋሽ ፍተሻን ሹራብ አነሳችና ኪሱን ገለበጠች። ፍርፋሪው ወለሉ ላይ ተበተነ። ግማሿ የተገመጠች ብስኩትም ተከትላ ወደቀች።

«አባዬ!» አለች። «ስኳር እያለብህ?»

ሽማግሌው ወለሉን አዩ። አንዴ ወደ ሹራቡ፣ አንዴ ማድ ቤት ደጃፍ ወደምትጫወተው ልጅ ተመለከቱ፤ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባቸው። ካልሲዋን ሊያዩ ሲያጎነብሱ የሹራባቸው ኪስ አፉን ከፍቶ እሷ እጅ ሥር ይመጣል። እጇ ጋ እስኪደርሱ ባዶ ነው። ከዚያ ጭናቸው ላይ ወጥታ፣ እሳቸው ሲያንቀላፉ፣ ከኪሳቸው እያወጣች ትበላለች። ዕቃውን በሩን ሲያሻግሩላት የኖሩት ራሳቸው ፈታሹ ናቸው! ወዲያው ማታ ማታ ሲወጣ ከፍተሻው በፊት አንዴ፣ ከፍተሻው በኋላም አንዴ አቅፎ ካልሳማቸው የማይሄደው የፋብሪካው መጋዘን ሠራተኛ ትዝ አላቸውና ጆሯቸው ጋለ። አቤት ፍቅሩ!

እውነቱን ቢናገሩ ልጅቷ ሰኞ ማቆያ ትገባለች። ካልተናገሩ ደግሞ በስተርጅና የአማቻቸውን ሸቀጥ የሰረቁ ሰው ሊሆኑ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «አምሮኝ ነው። ሰይጣን አሳስቶኝ።»

ልጃቸው ትኩር ብላ አየቻቸው። በዚህ መሐል ሚጡ ሳትታይ ገብታ ኖሮ ከዕቃ ቤቱ ወጣች። እናቷ መንገዷ ላይ ቆማ ስታገኛት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እግሯን ከፍታ ቆመችና ጠበቀች። እናት ልታቅፋት ጎንበስ አለች። ትንሿ እጅ ሹልክ ብላ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ገባች፤ ባዶዋን ወጣች።

እናት ኪሷን ዳበሰች። ብስኩቷን አወጣች። ሳቋ አምልጧት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው ብቻውን ቀረ።

«ድሮስ አንተ ብስኩት በላሁ ስትለኝ ያመንኩህ መሰለህ?» አለች። «መዋሸት መች ታውቅበታለህ? ዕድሜህን ሙሉ ሌባ ስታጋልጥ ኖረህ፣ ለዚች ብለህ ራስህን ሌባ ታደርጋለህ?»

«ልትወስጂብኝ ነው ብዬ ነው» አሉ። «እናንተ ጠዋት ስትወጡ እሷ አለችኝ። እሷም ከሄደች እንዴት አድርጌ አመሻለሁ? እፈራለሁ፣ ልጄ።»

እናት፣ አባቷ እፈራለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ልብሱን ወለሉ ላይ ጣል አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«እሷን የት እንደማውላት ሳስብ ከረምኩ» አለች። «አንተን ከማን ጋር ትቼህ እንደምውል ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።»

የዚያኑ ማታ ባሏ እራት እንኳ ሳይቀርብለት ካርቶኖቹን እየተሸከመ ወደ ወንድሙ ሱቅ አጋዘ። ሰኞ ጠዋት እናት ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ፍተሻ ሚጡን ታቅፈው፣ የልጅቷን ጫማ ያድርጉላት አያድርጉላት ሳያውቁ፣ ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር።

«አባዬ» አለች፣ «ምሳዋን ድስቱ ውስጥ ትቼላችኋለሁ። አሙቅና አብራችሁ ብሉ።»