የታንቲ አይዶራ ዘይቱን

ሰኔ አሥራ ሰባት ነበር ልበል? አውሎ ነፋሱ የገውዝ ዛፎቻችንን በነቀለ በሁለተኛው ዓመት። ወይስ በሦስተኛው? ብቻ እንደ አክስት ‹ታንቲ› የምንላቸው የአይዶራ ዘይቱን ያኔም ቆሞ ነበር።

እኛ መንደር፣ ጉያቭ ውስጥ፣ ያጠፋ ልጅ ቢላዋ ይሰጠውና ከዚያ ዛፍ የሚገረፍበትን አርጩሜ ራሱ ቆርጦ ያመጣል። ቀጭን ካመጣ ወፍራም እንዲያመጣ ይመለሳል። እኔም ስንት ቀን ከሥሩ ቆሜ ቅርንጫፍ አማርጫለሁ።

ታንቲ አይዶራ ባላቸውን ባሕር ከወሰደባቸው ወዲህ ገውዝ እየለቀሙ አንድ ልጃቸውን ማርቫን አሳደጉ። ማርቫ ከተማ ገብታ ነርስ ሆነች፤ ወለደች። ልጇን ጆዜልን ግን አንድም ቀን አያቷ ዘንድ አላሳደረቻትም።

በዚያ ሰኔ፣ ልጅ መግረፍ ይከልከል አይከልከል ለመነጋገር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰብን። ማርቫ ከመግባታቸው በፊት እናቷን በር ላይ ስትለምን ሰማሁ፦

«እማማ፣ ሰው ፊት ተነሺና ‹አጥፍቻለሁ› በይ። ከዚያ ጆዜል እረፍቷን ሙሉ አንቺ ጋ ትሁን።»

አዳራሹ ውስጥ ዓሣ አጥማጁ ሴልዊን ቀደመ። «እኔን አባቴ በመቅዘፊያ ነበር የሚለኝ፤ ይኸው ሰው ሆኛለሁ!»

«ማነው ሰው ሆነሃል ያለህ?» አለች ሚስቱ። ሳቅ ሆነ።

ታንቲ አይዶራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«እኔ በልጄ ጨክኜ አላውቅም» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «አርጩሜዋን እንኳ ራሷ ነበረች የምትመርጠው።»

ተጨበጨበ። ማርቫ ከኋላ ሆና፣ «ቀጭኑን ሳመጣስ፣ እማማ?» አለች።

«ውይ ልጄ፣ ቀጭን ምን ይሠራል? ይሰበራል እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ዘወር ሲሉ ማርቫ ልጇን አቅፋ ከበሩ ወጥታለች።

በማግስቱ ዛፉን በገጀራቸው ጣሉት። የመቆረጡንም መልእክት ላኩባት። ማርቫ አልመጣችም። ጉቶው ግን በየሳምንቱ ቀጫጭን ቡቃያ ያወጣል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይነቅላሉ።

ከመጨረሻው ፍሬ ለጆዜል ማርማላታ ሠርተው ነበር። እሑድ እሑድ ብልቃጡን ይዘው ከተማ ይወርዳሉ፤ ማታ እንደታሸገ ይዘውት ሲመለሱ አያለሁ።

አንድ እሑድ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አገኘኋቸው። ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ዛሬ ማርቫ በሩን ትከፍትልኝ ይሆናል» አሉኝ።

ከከፈተችላቸው ምን እንደሚሏት ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አውቶቡሱ መጣና ተሳፈሩ።