ወደ ልደታ፦ አራተኛውን ባለጢም ፍለጋ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ኮተቤ

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ነገ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ፈተናዬ ነው። የታዘዝኩት ልምምድ ከመቶ ዓመት በፊት ቪየና ውስጥ ቫዮሊን ያስተምር የነበረ ኦስትሪያዊ የጻፈው ነው። መጽሐፉ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲወርድ መጥቶ አስተማሪዬ ጋሽ ሙላት እጅ ገባ፤ ቤታቸው ደግሞ አብነት ነው። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠብቆኝ፣ ሞልቶ ሳይቆም አለፈ!

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ልደታ ማርያም

በሃያ አምስት ሳንቲም ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ከአንዲት እናትና ከሁለት ዶሮዎቻቸው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመን መጣን። ለሰላማዊ ሰልፍ መንገድ ተዘግቷል።

"ቀድመህ አትነግረንም?" አልኩት ሹፌሩን።

"እኔስ ማን ነገረኝ?"

የቀረውን በጭቃ በእግሬ አዘገምኩት።

ሦስት ሰዓት፣ አብነት

መጽሐፉን ገለጥኩት። የመጨረሻው ቅጠል የለም።

"ልምምዱስ፣ ጋሼ?"

"ከኦስትሪያዊው ፎቶ ጀርባ ነበር፣ ልጄ። ቀበሌ ወሰደው።"

ለካ በቤት ፍተሻ ጊዜ የአብዮት ጠባቂዎቹ ያን ረጅም ጢም ሲያዩ የዓለም ወዝአደሮች መሪ መስሏቸዋል። ቀደው፣ በመስታወት አሰርተው፣ አዳራሻቸው ውስጥ ሰቀሉት።

"እርስዎስ ዝም አሉ?"

"መሪ አይደለም ብዬ ልከራከር?"

ደሜ ፈላ። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ይዣቸው ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

አራት ሰዓት፣ የቀበሌው አዳራሽ

እውነትም ከሦስቱ ባለጢም የኮሚኒስት መሪዎች ቀጥሎ፣ በቀይ ጨርቅ ተከቦ ተሰቅሏል። ጣቱ ታሞ መድረክ የተወ፣ ዕድሜውን የሰው ጣት ሲያቃና የጨረሰ ምስኪን፣ አሁን በየስብሰባው ይጨበጨብለታል።

ሊቀመንበሩን ለመንኩት።

"የመሪ ምስል አውርድ ነው የምትይኝ?" ብሎ ጮኸብኝ።

ትዕግሥቴ አለቀ። "መሪ አይደለም፣ ጓድ! የቫዮሊን አስተማሪ ነው!"

ጋሽ ሙላት ክንዴን ቆነጠጡኝ። ሊቀመንበሩ ሄዶ በሩን ዘጋ። ያኔ ፈራሁ።

ወንበር ላይ ወጥቶ ምስሉን አወረደና ጀርባውን ከፈተልኝ። "ቶሎ ገልብጪ። ሰው ከመጣ አቧራ እየጠረግን ነው።"

አሥራ ሁለቱንም የኖታ መስመር ገለበጥኩ። መልሶ ሰቀለውና ቀና ብሎ አየው።

"ማስተማር ብቻ ነው የሠራው?"

"ማስተማር ብቻ።"

"ሰው አላሳሰረም?"

"አላሳሰረም።"

"እንግዲያው እሱ ይቆይ" አለና በሩን ከፈተልን።