የኢጃ ስጋጃ በማራኬሽ ገበያ

ኢጃ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ከታዝናኽት ከተማ ወደ ተራራው ሲወጣ ባለችው መንደራችን ስጋጃ የማትሠራ ሴት የለችም፤ እሷን የምትስተካከል ግን አላየሁም። ሱፉን ራሷ አጥባ ራሷ ትፈትላለች። ቢጫውን ከሮማን ልጣጭ፣ ቀዩን ከተክል ሥር ቀቅላ ታወጣለች። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባት ልጆቿን ያሳደገችው መሸመኛው ሥር ተቀምጣ ነው። ጉልበቷም ዓይኗም ያለቀው እዚያው ነው።

ስጋጃው ተሠርቶ ሲያልቅ ባሱ የሚባል ደላላ በፒክአፑ ይመጣል። በጣቱ ይነካካና ሁልጊዜ አንድ እንከን ያወጣለታል።

"ጠርዙ ተጣሟል፣ እሜቴ ኢጃ። ገበያውም ሞቷል።"

ከዚያ ያሻውን ሰጥቶ ይሄዳል። እሱ ለታዝናኽት ነጋዴ ይሸጣል፣ ነጋዴው በጭነት መኪና ማራኬሽ ይልካል፣ እዚያ በጨረታ ይነሣል፣ ከዚያ ሱቅ ገብቶ ለባዕድ ይሸጣል። ከኛ ደጅ ሲነሣ ሞቷል የተባለው ገበያ፣ በየደረሰበት ነፍስ ይዘራል! ኢጃ ግን ይህን መንገድ በወሬ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር።

ባለፈው ጸደይ ዓይኗ እምቢ ሲላት ማራኬሽ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። በልጅነቴ እዚያ ሰው ቤት ስለሠራሁ ከተማውንም ፈረንሳይኛውንም አውቃለሁ። መነጽር ሰጧት። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ፊት እያየች ትስቃለች።

"አንቺ ቱዳ፣ ለካ እንዲህ አርጅተሻል!" አለችኝ።

ወደ አውቶብሱ ለመሄድ በስጋጃ ተራ ስናልፍ ድንገት ቀጥ አለች። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የገረጣ ስጋጃ ተሰቅሏል።

"ይሄ የኔ ነው።"

"ያንቺማ ደም የመሰለ ቀይ አልነበረም እንዴ?"

"የራሴ እጅ ይጠፋኛል? የኔ ነው እያልኩሽ!"

ባለሱቁን ሐጂ ጡሃሚ ይሉታል። ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ አስቀምጦ ሻይ እየጋበዘ ስለዚያው ስጋጃ በፈረንሳይኛ ያወራላቸዋል። መቶ ዓመት አልፎታል አለ። የሠራችው አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ እንደሆነና ከሞተች ብዙ ዘመን እንደሆናት፣ እንደ እሷ ያለ እጅ ዛሬ በተራራው እንደሌለ ነገራቸው። ለኢጃ ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

ኢጃ ጫማዋን አወለቀች፣ ስጋጃውን ጎትታ አወረደችና መሬት ላይ ዘርግታ ተቀመጠችበት።

"ሐጂ፣ ከሞትኩ ስንት ዓመቴ ነው አልክ?"

"እናቴ፣ ሥራ ላይ ነን። ተነሺ በይ።"

"ቀዩን ምን አደረግኸው?"

"ተሳስተሻል እናቴ። ዕድሜ ነው ያደበዘዘው።"

ኢጃ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

"ዕድሜ በረኪና በረኪና ይሸታል?"

በጥፍሯ ጸጉሩን ፈልቅቃ አሳየችን። ላዩ ገለባ መስሏል፤ ሥሩ ግን የተፈለጠ ሮማን ነው። በበረኪና አጥበው፣ ጣራ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል፤ አሮጌ እንዲመስል!

ፈረንጇ ሴትዮ ኢጃ ምን እንደምትል ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

"ታዲያ አሮጌ አይደለም ማለት ነው?" አለችኝ።

"አይደለም። የሠራችው እሷ ናት፤ ይቺውና!" ብዬ ኢጃን አሳየኋት።

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ኢጃን አየቻት፣ ስጋጃውን አየችው፣ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ባሏን ይዛ ወጣች። የሠራችው ሴት በሕይወት መኖሯ አስከፋት! ሞተን ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሐጂው ጢሙን እየዳሰሰ፣ "አየሽ? እውነትሽን ማን ገዛሽ? እኔ ካልዋሸሁ አንቺም አትበዪም" አላት።

"አንተ ስትዋሽስ መቼ በላሁ?"

ሠራተኞቹን ጠራ። "እብድ ናት፣ አስወጡልኝ" አለ። ክንዷን ይዘው አወጧት፤ ጫማዋን ወረወሩልን። ስጋጃውን መልሰው ሲሰቅሉት ዞራ አላየችም።

አውቶብስ ውስጥ መነጽሯን አውልቃ በእጇ ይዛ ተቀመጠች። ኋላ ላይ፣ "ትርፉን ይብላው ቱዳ። ቀለሙን ግን ምን አድርጎት ነው የሚገድለው?" አለችኝ።

ወሬው ባሱ ጆሮ ደረሰ። በመጣ ጊዜ ከየቤቱ ሲገዛ የኢጃን ደጅ ዘሎ አለፈ። ይባስ ብሎ ለሌሎቹም ዋጋ ቀነሰ። "እሜቴ ኢጃን አመስግኗት" አላቸው። በማግሥቱ ምንጩ ጋ ሴቶቹ ተነሡባት።

"ያንቺስ ልጆች አድገዋል፤ የኛዎቹ ምን ይብሉ? ማን ሂጂ አለሽ?"

ኢጃ ባልዲዋን አስቀመጠች። "ስጋጃው ለባሱ፣ ስድቡ ለኔ። ጥሩ አካፍላችኋል!"

የሚቀጥለውን ስጋጃ በበቅሎ ጭነን፣ አውቶብሶች ለምሳ ከሚቆሙበት አስፋልት ዳር ወስደን ዘረጋነው። መጀመሪያ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። አቧራ ስንቅም ፀሐይ ስትልጠን ከረምን፤ ባሱ በፒክአፑ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባውን እየነፋ ይስቅብናል። መኸር ላይ ወደ አጋዲር የሚሄድ መምህር ቆመና፣ "ማነው የሠራው?" አለ።

"እኔ" አለችው።

በዋጋው ተከራከረ፣ እሷም ተከራከረች፤ ግማሹ አውቶብስ ከብቦ ያያቸዋል። በመጨረሻ የከፈላት ባሱ ሰጥቷት ከሚያውቀው ይበልጣል፤ ገንዘቧ የምታበለጽግ አይደለችም፣ ግን ከገዢው እጅ ወደ እጇ የገባች ናት። ኢጃ ስጋጃውን ራሷ ጠቅልላ ሰጠችው። "ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው፣ አደራ" አለችው።

አሁን ሦስት ሴቶች አብረውን ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። ሌሎቹ ዛሬም ባሱን ይጠብቃሉ። ኢጃ፣ "አትፍረጂባቸው፣ ሆድ ቀጠሮ አያውቅም" ትለኛለች። በእነሱ አልፈርድም። ባሱ ሰላም ሲለኝ ግን እስከ ዛሬ አልመልስለትም።