ለእጄ ያልሆነው ሽጉጥ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሰቆጣ ውስጥ ወፍጮ ያለኝ፣ ፊደል ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለቃቅሜ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ብቻዬን የተማርኩ አባት። ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት። ሦስተኛው የሚስቴ ወንድም ነው፤ በወጣትነቱ ወታደር ነበር፣ አሁን ጋዝጊብላ ያርሳል። አራተኛዋ የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ የዚያን ቀን ሙሽራ። አምስተኛው የሙሽራው አጎት ነው፤ የእሱ ድርሻ አንድ ቀልድ ብቻ ነው።

ከወፍጮው ሌላ ከአበርገሌ ፍየል እያመጣሁ እሸጣለሁ። አንድ ጊዜ ቁልቁል ስወርድ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው የያዝኩትን ሁሉ ወሰዱብኝ። ሽጉጥ ያስፈለገኝ ለዚህ ነበር፤ ለመንገድ። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ። የሚሸጡ ሁለት ሽጉጦች ቀረቡልኝ፤ አንዱ አሮጌና ትንሽ፣ ሌላው አዲስ፣ እጀታው ወፍራም፣ ሲያብረቀርቅ ከሩቅ የሚታይ። እንዲያስመርጠኝ የሚስቴን ወንድም አስጠራሁ።

አንድ ነገር ልናገር። የቀኝ እጄን የሌባ ጣት ጫፍ የወፍጮ ቀበቶ ወስዶታል። ሰቆጣ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሽጉጥ ስመርጥ ግን እኔ ራሴ የማላውቅ መሰልኩ።

የሚስቴ ወንድም ሁለቱንም ጥይት እንደሌለባቸው ደጋግሞ አየና ትልቁን ሰጠኝ።

«ዓይንህን ጨፍን። እንደሚመችህ ያዘውና ወደ ግድግዳው አነጣጥር። በል አሁን ክፈት። ወዴት ያያል?»

አፈሙዙ ወደ ግራ ዞሮ በሩን ያያል። ትንሹን ስይዝ ግን ግድግዳውን ቀጥ ብሎ አየው።

«አየህ? ጣትህ ምላጩ ላይ እንዲደርስልህ እጀታውን መዳፍህ ውስጥ ታዞረዋለህ። እስቲ አቀባብለው።»

የትልቁ ሽጉጥ የላይኛው ብረት ጠንካራ ነው። እጄ አዳልጦኝ ሆዴ ላይ ደግፌ ነው የሳብኩት።

«ትንሹን ውሰድ» አለኝ። «ለመንገድም ቀላል ነው፣ ከኮትህ ሥር አይታይም።»

እኔን ያስከፋኝ ይህ አለመታየቱ ነበር። «የሴት ይመስላል» አልኩ።

ሚስቴ ከጓዳ ሰማችኝ። «መነጽርህን የገዛኸው ለዓይንህ ነው ለጎረቤት?» አለች።

ወንድሟ በኽምጣንኛ መለሰላትና ሁለቱም ሳቁ። እጁ ትንሽ ነው፣ ወገቡ ግን መታየት ይፈልጋል ማለቱ ነው። ቋንቋውን እንደምሰማ ያውቃል፤ እንድሰማውም ነው የተናገረው።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ተማሪ ሳለች ከጓደኛዋ ላለማነስ የሚጠባት ጫማ ገዝታ መጥታ ነበር። እጇን ይዤ ገበያ መለስኳት፤ በሻጩና በሰው ፊት «እግሬን ሳልለካ ገዛሁ» አስባልኳት። ጥሩ ትምህርት ሰጠሁ ብዬ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ሽጉጡን ስመርጥ ደግሞ ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ እጅዎን ለኩት?» አለችኝ። ገላመጥኳትና ትልቁን ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ በብርድም ኮቴን አልቆልፍም ነበር።

ሠርጓ በጥር ሆነ። እኛ ዘንድ የሙሽራው ወገን እየተኮሰ ይመጣል፣ የሙሽራዋ ወገን ደግሞ ደጁ ላይ ተኩሶ ይቀበላል። ልጄ ይህን ትፈራለች። ከቀናት በፊት መጥታ «ከእኛ ወገን ተኩስ እንዳይኖር ቃልዎን ይስጡኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ከዚህ ሌላ ከእኔ ምንም ስጦታ አልጠየቀችም።

ሙሽራው መጣ። አጎቱ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰና መልስ ጠበቀ። እኛ ዝም አልን። ያኔ ሰውዬው ወገቤን እያየ ጮኸ፦

«ምነው የሙሽሪት አባት! እዚያ ያንጠለጠሉት የወፍጮ ቤት ቁልፍ ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ አብሬ ብስቅ ያልፍ ነበር። እኔ ግን መዘዝኩት። እንደለመድኩት ሆዴ ላይ ደግፌ አቀባበልኩ፤ ጣቴ እንዲደርስልኝ እጀታውን አዞርኩ። የሚስቴ ወንድም «ኧረ ተው!» እያለ አፈሙዙን ወደ ላይ ሊያነሳው እጄን ያዘ። አልለቅም አልኩ፤ ስንታገል ሽጉጡ ጮኸ። ጥይቱ የእሱን እግር በስቶ መሬት ገባ።

እልልታው ቆመ። ልጄ ከነሙሽራ ልብሷ ባጃጅ ውስጥ ገብታ የአጎቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ እየጠቀለለች ሆስፒታል ሄደች። ድግሱን ትተን ሁላችንም ተከተልናት።

እዚያ ፖሊስ መጥቶ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። የተጎዳው ሰው አልጋው ላይ ሆኖ «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ እጁን ባልይዘው አይተኮስም ነበር» አለ። ሊያድነኝ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ከተኩሱ ይልቅ ዛሬም አንገቴን የሚያስደፋኝ ያ ዝምታ ነው። ልጆቼን ስለ እውነት እየገረፍኩ ያሳደግኩ ሰው፣ የወገኔን ውሸት እንደ ጥላ ተጠለልኩበት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ቀልቷል።

«ይዋሻል» አልኩ በመጨረሻ። «እንዳልተኩስ ለልጄ ቃል ሰጥቼ ነበር። ሽጉጡም ለእጄ አይሆንም። እሱ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።»

ሽጉጡም ፈቃዱም ተወሰዱ፣ እኔም ታሰርኩ፣ በዋስ ወጣሁ። እሱን ወልድያ ወስደው ሁለት የእግር ጣቶቹን ቆረጡለት፤ እርፍ ጨብጦ በሬ መከተል አልቻለም። ልጄ የአንገት ወርቋን ለሕክምናው ሸጠች፤ እኔን አላማከረችኝም። ሙሽራው በሠርጉ ቀን ባዶ እጁን ተመልሶ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለ ተኩስ መጥቶ ወሰዳት። ሽማግሌዎች ካሳ ሊቆርጡ ሲቀመጡ የሚስቴ ወንድም እንቢ አለ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለ፤ «ይህ ሽጉጥ ያስወጣንን እህቴ ጮክ ብላ ትደምር፣ እሱም ይስማ።»

ሚስቴ ተነሳች። የሽጉጡን ዋጋ፣ የወልድያውን ሕክምና፣ የልጃችንን ወርቅ፣ ሳይበላ የቀረውን ድግስና ሁለተኛውን፣ ለወንድሟ ማሳ የተቀጠረውን አራሽ እየጠራች ደመረች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትንሹ ሽጉጥ ስንት እንደነበር ጠየቀኝ። «ስልሳ ሺህ» አልኩ። ሚስቴም የእሷን ድምር ሁሉም እንዲሰማው ደግማ ተናገረች፦ ሦስት መቶ ዘጠና ሺህ ብር።