ሦስት ቀይ ስፌት

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር ነበረው። እኛ ወታደሮቹ ግን «ማቀዝቀዣው» ነበር የምንለው። ዛሬ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ ካለው ቤቴ ምድር ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ስለ እሱ የምጽፈው የሟች ልብስ እንደገና እጄ ስለገባ ነው። ለሐና በቃል ነግሬያታለሁ። ለሌሎቻችሁ፣ ከእኛ በኋላ ለመጣችሁት፣ በጽሑፍ ይቅር።

ሐና የጓደኛዬ የታደሰ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ኮሎምበስ ነው። ታደሰ ባለፈው ጥር ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ሚስቱ ዘነበች ከሆስፒታል ኮል አድርጋ «አልፏል» ስትለኝ፣ እኔ ደርሼ ፊቱን እስካይ ለማንም እንዳትናገር ለመንኳት። ምክንያቱን ያን ጊዜ አልነገርኳትም።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ እናትና ልጅ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ተሸክመው መጡ። ታደሰ መጋዘን ሲሠራ የሚለብሳቸው የፍላኔል ሸሚዞች፣ ሁለት ሹራብ፣ ክርኑ የሳሳ የክረምት ጃኬት።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ አንድ ጃኬት ትሠራልኛለህ?» አለች ሐና። «ኮዚ የሆነ፣ ቤት ውስጥ የምለብሰው። አፓርትመንቴ ኦልዌይስ ኮልድ ነው።»

ዘነበች ደስ አላላትም። «የሟች ልብስ ለተቸገረ ይሰጣል እንጂ ተቀዶ ይሰፋል እንዴ?»

«ማሚ፣ ዶኔት ካደረግነው ኢትስ ጎን፤ ምንም አይቀርልንም።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከአርባው በፊት እነግራችኋለሁ አልኩ። ሲሄዱ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁበት። የታደሰን ልብስ አንድ ጊዜ ቀድጄ አውቃለሁ።

ማቀዝቀዣው ላይ የወጣነው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው። ኮረብታውን ያዙ፤ ተተኪ ጦር እስኪመጣ አትልቀቁ። ሠላሳ አንድ ነበርን። ብርድ ልብስ የደረሰው ለግማሾቻችን ነው። ካፖርት የሚባል ነገር አልነበረንም።

ከመዝመቴ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። መርፌዬን ቆቤ ውስጥ ሰክቼ ነበር የምዞረው። ጃኬታችን ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እየተለዋወጠ ጠብ ያስነሣ ነበር። ስለዚህ በየሰዉ ኮሌታ ውስጥ ምልክት መስፋት ጀመርኩ። ለአንዱ መስቀል፣ ለአንዱ ክብ። ለታደሰ ሦስት ቀይ ስፌት።

«ለእኔ ሲሆን ሦስት ብቻ?» አለኝ።

«ክሩ አልቋል።»

በአራተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከባድ መሣሪያ ጀመረ። አንድ ሰዓት ቆየ። ቀጥሎ እግረኛ መጣ። መትረየሳችን ሁለት ጊዜ ጥይት ነክሶ ቆመ። የግራውን ምሽግ ለቀቅን። ሦስት ሰዓት ላይ መልሰን ያዝነው። ስለ ጀግንነቴ የማወራው የለኝም። ፈርቼ ነበር፤ የምተኩሰውም ወደማላየው ነገር ነበር።

ጭሱ ገለጥ ሲል ሰው ተቆጠረ። ሰባት አስከሬን አገኘን። ታደሰ የለም። የግራው ምሽግ ግማሹ ተደርምሶ ነበር፤ አፈሩን ስንቆፍር በደም የራሰ ጃኬት ወጣ። የመቶ አለቃው ወደ እኔ ዘረጋው።

«የማን ነው?»

ኮሌታውን ገለጥኩ። «የታደሰ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ስምንት ተብሎ ተጻፈ። የተጠየቅኩት የጃኬቱን ባለቤት ነበር። የመለስኩት ግን ሞት ሆኖ ተመዘገበ፤ እኔም ዝም አልኩ። አስከሬኑን ግን አንዳችንም አላየንም።

ከሰዓት በኋላ ብርዱ በረታ። ጫፉ ላይ የሚቆመው ዘብ ሲመለስ ጣቶቹን ማጠፍ ያቅተው ነበር። የመቶ አለቃው የሟቾቹን ጃኬቶች አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«እነሱ ከእንግዲህ አይበርዳቸውም» አለ። «ለዘቡ አንድ ካፖርት ስፋ።»

በሳንጃ ቀደድኩ። ክር ከአሸዋ ጆንያ መዘዝኩ። ገበሩን በብጫቂ ብርድ ልብስ ደረብኩት፤ ደም የነካውን ወገን ወደ ውስጥ አዞርኩት። የታደሰን ለመጨረሻ አቆየሁት። አንገቱ አካባቢ ደም አልነካውም ነበርና ኮሌታ አደረግኩት። ካፖርቱ ይሞቅ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። በዕድሜዬ ከሰፋሁት ልብስ ሁሉ እንደዚያ የተመሰገንኩበት የለም። ዘብ የወጣ ሁሉ ሲመለስ «እጅህ ይባረክ» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን የማን ጃኬት የቱ ጋ እንዳለ ስለማውቅ ቀና ብዬ አላየውም።

በማግስቱ ቁስለኞች ወደ ኋላ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዱ የታደሰ ያገሩ ልጅ ነበር።

ከውጊያው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘቡ «ሰው እየመጣ ነው፣ አትተኩሱ» አለ። ታደሰ ነበር። በሸሚዝ ብቻ፣ እየዳኸ። በውጊያው ዕለት ምሽጉ ውስጥ አንድ ጓዳችን ሲቆስል ጃኬቱን አውልቆ ቁስሉ ላይ ደርቦለታል፤ ደሙ የዚያ ሰው ነው። ምሽጉ ሲለቀቅ እሱ ከጠላት መስመር ወዲያ፣ ገደል ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ዘቡ ካፖርቱን አውልቆ ደረበለት። ታደሰ ኮሌታውን ዳሰሰ። ገለጠው። ብዙ አየኝ።

«በቁሜ ቀደድከኝ» አለ። ከዚያ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

ያገሩ ልጅ የሆነው ቁስለኛ ግን ወሬውን ይዞ ወርዷል። የታደሰ እናት ደጅ ከማንኛውም ማስተባበያ ቀድሞ መርዶው ደረሰ። ልቅሶ ተቀመጡ። አርባውን አወጡ። ልጃቸው በሕይወት እንዳለ የሚናገረው ደብዳቤ ሲደርስ እናቱ ከተቀበሩ ወር አልፏቸው ነበር።

ታደሰ በዚህ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ስደቱንም አብረን ገፋነው፤ ኮሎምበስም አንድ ክረምት ላይ ገባን። አዲስ ሱሪ በገዛ ቁጥር የሚያሳጥርለት እኔ ነበርኩ። መቀስ ሳነሣ ሁልጊዜ «ቀስ በል፣ ባለቤቱ አልሞተም» ይለኛል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን እናቱ ትዝ ይሉኛል፤ በፎቶ እንኳ አይቻቸው አላውቅም።

አርባው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐና ከምትኖርበት ከብሌንደን ታውንሺፕ ነድታ መጣች። ከረጢቶቹ እንደታሰሩ ነበሩ። አልሰፋም ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ምክንያቱን ስጀምርላት ሁሉንም ነገርኳት።

«ሶ፣ ሞቷል ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዳዲ ያውቅ ነበር? ስለ እናቱም?»

«ያውቅ ነበር።»

«ኤንድ ስቲል ሱሪውን የሚያመጣው ላንተ ነበር» አለች። ከዚያ መሳቢያውን ራሷ ከፍታ መቀሱን አቀበለችኝ።

ቀደድኩ። «ቀስ በል» የሚል ሰው ስለሌለ እጄ ብዙ ጊዜ ቆመ። ፍላኔሉን ከውጭ፣ ሹራቦቹን ከውስጥ አደረግኩ፤ የክረምት ጃኬቱን ሙሌት በመካከላቸው አነጠፍኩ። ኪሶቹን እሱ እጁን ከሚከትበት ከፍታ ወደ እሷ ቁመት አወረድኳቸው። በኮሌታው ውስጥ ሦስት ቀይ ስፌት ሰፋሁ። በዚህኛው ጊዜ ክር ሞልቶኛል፤ ቁጥሩን ግን አልጨመርኩም።

ዘነበች የተረፈውን ልብስ በአርባው ለተቸገረ ሰጠች። ሐና ጃኬቱን ለብሳ ኮሌታውን እስከ አፍንጫዋ አቆመችው። «ዋርም ነው» አለችና አለቀሰች። እናቷ ኮሌታውን አስተካከለችላት።

ከማቀዝቀዣው የወረድነው በዘጠነኛው ቀን ነው። እዚያ የቀሩት እነዚህ ናቸው፦ አበበ፣ ግርማ፣ ሐጎስ፣ ሰይድ፣ ዋቅጅራ፣ ተስፋዬ፣ ዓለሙ። ሰባት። ያን ዕለት ስምንት ያስባልኩት እኔ ነኝ። ስምንተኛው ስንት ዓመት ኖሮ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሞተ። ፊቱን አይቻለሁ፤ ዘንድሮ እርግጠኛ ነኝ። ቁጥሬ አሁን ልክ ሆነ። እንደተሳሳትኩ ብቀር ይሻለኝ ነበር።