ለማስተማሪያ ብቻ

ወንድሜ እንጅባራ መናኸሪያ የዳንግላ ሚኒባስ ረዳት ነበር። ከተማው ውስጥ ፊቱን የማያውቅ ሰው ይኖራል፤ ድምፁን የማያውቅ ግን የለም። ሻካራ ነው፤ የቃሉን መጨረሻ ይጎትተዋል። መኪናው ባዶውን ቆሞ ሳለ «አንድ ሰው የቀረው ዳንግላ!» እያለ ሲጣራ፣ ውሸቱን እያወቁ ስቀው የሚሳፈሩለት ነበሩ። እኔ ልብስ የምሰፋበት በረንዳ ከመናኸሪያው አይርቅም። ጠዋት ድምፁን ከሰማሁ ትናንት አልጠጣም ማለት ነው፤ ልቤ ያርፋል። አረቄ በያዘው ዓመታት ጠዋት ጠዋት የሚጣራው ሌላ ሰው ነበር።

የሱሰኛ ቤተሰቦች ማኅበራችንን የጀመርነው እኔና አንዲት ጓደኛዬ ነን። ባሏን አረቄ ገድሎባታል። ለቀስተኛው ሁሉ የሆድ ሕመም ነው እያለ ሲያድበሰብስ፣ ድንኳኑ መሐል ተነሥታ አረቄ ነው የገደለው ያለች ሴት ናት። የዚያን ቀን ነው የወደድኋት። እሑድ ከሰዓት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍሉን ይፈቅድልን ነበር። ሚስቶችና እናቶች፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት አባቶች፣ በሕፃናቱ ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ተኮራምተን እንነጋገራለን። በሥራ ቀን ደግሞ እኔና እሷ በየቢሮው እንዞራለን። ሰካራም ተብሎ የተባረረውን ወደ ሥራው መልሱት፣ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ተቀብላችሁ አክሙት እያልን እንለምናለን። የደጅ ጥናት ነገር፣ ጫማ ይጨርሳል። ደንባችን አንድ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ወንድሜን እዚያ ክፍል ለማስገባት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ መጣ፣ አረቄውንም ተወ፤ ክረምቱ አልፎ በጋው እስኪገባ ድረስ አልቀመሰም። አንድ እሑድ ተነሥቶ የእናታችንን ባዝራ ነገር ተናገረ።

እናታችን ገጠር፣ ጥርባ አጠገብ ብቻዋን ነው የምትኖር። አንዲት ባዝራ ነበረቻት፤ ከእኛ ከልጆቿ ይልቅ እሷን የምታቆላምጥ ይመስለን ነበር። አንድ ጠዋት ባዝራዋ ታጣች። እናቴ ጅብ በላት አለች። አገሩ የፈረስ አገር ነውና ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አጽናናት፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ። ወንድሜ እንግዲህ ያንን ነው የተናገረው። አዘና ገበያ ወስዶ የሸጣት እሱ ነው። ገንዘቡን ጠጣበት። ለፋሲካ ሄዶ እናቱ እግር ላይ ወድቆ ራሱ ሊነግራት ቆርጧል። እስከዚያ ድረስ እንዳልጠጣ ጸልዩልኝ ብሎ ተቀመጠ። ያን ቀን ያለቀስሁትን ያህል አባቴ ሲሞትም አላለቀስሁም።

ጓደኛዬ በስልኳ እየቀዳችው ነበር። ከመጀመሩ በፊት ጠይቃዋለች፤ ይህን አልክድባትም። «ለማስተማሪያ ብቻ ነው» አለችው። እሱም እኔም የገባን፣ በእነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ላይ አዲስ ለሚቀመጡ ቤተሰቦች ልታሰማው መሆኑ ነው። ሌላ ምን ሊገባን ይችላል? እሷን እንደ ራሴ ነበር የማምናት።

ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ በገበያ ቀን፣ በረንዳዬ ላይ የአንድ ተማሪ ሱሪ ዚፕ እየቀየርሁ ሳለ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። ተሳፋሪ የሚጠራ መስሎኝ ቀና እንኳ አላልሁም። ከዚያ «የእናቴን ባዝራ የሸጥኋት እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁ። የማኅበራችን ሰዎች ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነው፣ ከአረቄ እንራቅ እያሉ ከገበያው ወደ መናኸሪያው እየዞሩ ነበር። ስሙን ቆርጠው አውጥተውታል። ፎቶም የለው፣ ምንም የለው። ድምፁ ብቻ ነው ያለው፤ ያ ከተማው ሁሉ በየቀኑ የሚሰማው ድምፁ።

ሱሪውን ጥዬ ሮጥሁ። ስደርስ ረዳቶቹ እየተቀባበሉ ይጣሩ ነበር፦ «ባዝራ! ባዝራ! አንድ ሰው የቀረው ባዝራ!» ወንድሜ የሚኒባሱን በር ይዞ ቆሟል። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ሾፌሩ ራሱ ወርዶ ዳንግላ ዳንግላ እያለ ጠራ።

ጓደኛዬን ባጃጁ አጠገብ አገኘኋት። ደስ ብሏታል፤ ፊቷ በርቷል። ቁጣዬ በጭራሽ አልገባትም። ስሙን እኮ አልጠራሁም አለችኝ። ለማስተማሪያ ብዬው የለም ወይ፣ ሕዝብ ማስተማር ማስተማር አይደለም ወይ አለችኝ። ሴቶች ባጃጁን ከበው ሲያለቅሱ፣ የት ነው የምትሰበሰቡት ብለው ሲጠይቁ በዓይኗ አይታለች። እውነቷን ነው። በሳምንቱ እሑድ ወንበር አልበቃም አሉ። ውሸታም ብትሆን እንዴት በቀለለኝ።

«ድንኳን ውስጥ የተናገርሽው የራስሽን ነው» አልኋት። «ይኼ ግን የሱ ነበር።»

አንድ ሰው አፍሮ ብዙ ሰው ቢድን ምን ክፋት አለው አለችኝ። ጥያት ሄድሁ። ማኅበሩንም የዚያን ቀን ተውሁት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ልካብኛለች፤ ሽማግሌዎቹን አክብሬ ሸኘኋቸው፤ እሷን ግን ማየት አልችልም። ጠላት ቢያደርገው ይህን ያህል አይከፋኝም ነበር።

በማግስቱ ከወንድሜ ጋር ወደ ጥርባ ወጣን። ወሬውን እንቅደመው ብለን ነው፤ ግን ተቀድመናል። አንዱ የባጃጁን ጩኸት ቀድቶ ኖሮ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ የጎረቤት ልጅ ለእናቴ አሰምቷታል። እሷ ደጅ ተቀምጣ የዘር ድንች እየመረጠች ነበር። ወንድሜ እግሯ ላይ ወደቀ። ለፋሲካ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፍቶበት እናቴ፣ እናቴ ብቻ ይላል። እሷ ክንዱን ይዛ አነሣችው።

«አውቅ ነበር» አለችው በአዊኛ። «ኮርቻዋም አብሮ ጠፋ። ጅብ ኮርቻ ይበላል? ሰው ሌባ እንዳይልህ ብዬ ነው ጅብ በላት ያልሁት።»

እሱ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርሁ፤ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ጓደኛዬ፣ ለማስተማሪያ ብቻ ስለ ተባለው። ድንቹን እየመረጠች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ሴትዮዋን አላውቃትም፤ እሷም አታውቀኝም» አለች። «አንቺ ግን ልጄ ነሽ፤ እዚያ የወሰድሽውም አንቺ ነሽ።»

ወንድሜ ወደ መናኸሪያው አልተመለሰም፤ እዚያው እናቴ ዘንድ ቀርቷል። የዳንግላ ሚኒባስ ሌላ ረዳት ይዟል፤ በረንዳዬ ላይ ሆኜ የምሰማው ነገር የለም። ለእናቴ እየደወልሁ እንዴት ነው እላታለሁ። ጠጥቶ እንደሆነ፣ ትቶ እንደሆነ፣ ማታ ቤት እየገባ እንደሆነ አንድ በአንድ እጠይቃታለሁ። ለጎረቤት የምትመልሰውን ነው ለእኔም የምትመልስልኝ፤ ደህና ነው ትለኛለች።