መሪውን ማን አጣመመው?

ፒክአፗን ከጎረቤቴ ጋር ግማሽ በግማሽ ስንገዛ የሶዶ ሰው ሳቀብን። እኔ አባቴ ከስልጤ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ የወረስኩ የስኳርና የሳሙና ነጋዴ ነኝ። እሱ የበዴሳ ልጅ ነው፤ እህል ነጋዴ፣ በቸርቹም ሽማግሌ። ሱቄና የእሱ መጋዘን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በሽርክና የተገዛ መኪና ዓመት አይደፍንም አሉን። እኛ ግን አልቸገረንም። ዓርብ እኔ መስጊድ ስለምውል መኪናዋ የእሱ ናት፤ እሑድ እሱ ቸርች ስለሚውል የእኔ ናት፤ የቀሩትን ቀናት እንደየገበያችን እንካፈላለን። ያኔ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ብዙም አልቆየም፣ ሞባይል የያዘ ሰው ገና በጣት ይቆጠር ነበር፤ መኪና ያለውንማ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።

አንድ እሑድ ጠዋት ሳሙና ጭኜ ወደ ቦዲቲ ስወጣ መሪው ተጣሞ አገኘሁት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መሪው ግን፣ ያ መሐሉን የሚያቋርጠው አግዳሚ፣ ግድግዳ ላይ ተንጋዶ እንደተሰቀለ ፎቶ ወደ ግራ ዘምሟል። እጄ አላስችል ብሎት ቀና ሳደርገው መኪናዋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቦዩ ታመራለች።

መቼም መሪ ዝም ብሎ አይጣመምም። ከትናንት ወዲያና ትናንት የያዛት እሱ ነው፤ መንዳት የተማረውም ጢሙ ከሸበተ በኋላ ነው። ድንጋይ ወይም የድልድይ ጠርዝ መትቷል አልኩ። መምታቱ አላናደደኝም፣ እኔም እመታለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ምንም እንዳልሆነ ሰው እየሳቀ ቁልፉን ማስረከቡ ነው።

ለምን አትጠይቀውም ትሉኝ ይሆናል። ሚስቴም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ግን ያ ሰው የተጣላ የሚያስታርቅ፣ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት ሰው ነው። እሱን እንደ ተማሪ አቁሜ "ምን መትተህ ነው?" ልለው ነው? ይሉኝታ ያዘኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጋራዥ ሄድኩና መካኒኩን "ቶሎ በልልኝ፣ ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። መካኒኩ ከሥር ገብቼ ልየው አለኝ። ከሥር ይታይ ማለት መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ክሪክ ላይ ቆማ ላላፊ አግዳሚው መታየት ማለት ነው። እምቢ አልኩ። መሪውን ብቻ ነቀለ፣ የተሰካበትን ጥርስ አዛወረ፣ ቀና አድርጎ መለሰው። በማግስቱ ቁልፉን ሳስረክብ የወዳጄን ገመና ሸፈንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ መሪው እንደገና ተጣመመ። እንደገና አሠራሁ፤ እንደገና ተጣመመ። ይባስ ብሎ አንዳንዴ ማታ ተጣሞ ያስረከብኩት በሁለተኛው ቀን ተቃንቶ ይመጣል። "አሁንማ ደብቆ ማሠራትም ጀምሯል" አልኩ። ደሜ ፈላ። ሰው ይመታል፣ ግን እንዴት ከእኔ ይደብቃል? የልጆቼን ስም ከእኔ እኩል የሚጠራ ሰው!

ነገሩ ከመኪና አለፈ። ድሮ ከሰዓት በኋላ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነን ሻይ እየጠጣን ከተማውን እናማ ነበር። አሁን ቁልፉን ይሰጠኛል፣ እቀበለዋለሁ፣ "ደህና ዋልክ?" "ደህና" ብለን እንለያያለን። እሱም ሲያየኝ ዓይኑ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ታማሚ የሚጠይቅ ሰው ዓይን ይመስላል። የባሰ አናደደኝ። ድርሻዬን ሸጬ ልወጣ ቆረጥኩ። መኪና ሌላ ጊዜ ይገኛል። ከወዳጅነታችን የተረፈችውን ጥቂት ይዤ ልሂድ አልኩ። የቸገረኝ እንዴት እንደምነግረው ነበር።

በዚህ መሐል ዲምቱ አጠገብ የሚኖሩ አክስቱ አረፉና ለቅሶ ደረስን። ስንመለስ ጭነን የወሰድናቸው ለቀስተኞች እዚያው ስለቀሩ ጋቢናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆንን። እሱ ሐዘንተኛ ስለሆነ እኔ ነዳሁ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም፣ ሶዶ ሳንገባ እነግረዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ።

መሪው እንደዚያን ቀን ተጣሞ አያውቅም። ጠጠሩ መንገድ ላይ ቀጥ ብለን እየሄድን አግዳሚው ሽቅብ ሊቆም ምንም አልቀረውም። እኔ መሪውን አያለሁ። እሱም መሪውን ያያል። ዓይናችን ሲገጣጠም ሁለታችንም ወደ በቆሎው ዞር እንላለን። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ እሱም ጠረገ። "ስማ..." ብዬ ስጀምር ከሥር አንድ ነገር ቋ አለ። የቀኝ የፊት ጎማ ለብቻው ዞረ፤ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ አንድ የስኳር ድንች ማሳ ውስጥ ገብታ ቆመች። ደግነቱ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።

ወርደን አየን። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩት አመለጠኝ።

"አሁን እንኳ ንገረኝ። መጀመሪያ የመታኸው ምንድን ነው?" አልኩት።

"እኔ?" አለ። "አንተ ነህ እንጂ የመታኸው።"

"እኔ ምንም አልመታሁም።"

"ታዲያ እኔ በዴሳ ላይ በድብቅ የማሠራው የማንን ነው? ዓርብ ዓርብ መሪዋ ተጣሞ ትመጣለች። ወንድሜ መትቷል፣ አፍሯል፣ እንዳይሳቀቅ ዝም ልበል አልኩ። ሚስቴ እኮ አንተ በምትነዳበት ቀን ሁሉ እንዳትገለበጥ ትጸልይልሃለች።"

እኔ ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። ከመኪናዋ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ታ ኢሻ" አለኝ። በወላይትኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። "ዛሬ ከለቅሶው ስንመለስ እንሽጣት ልልህ ነበር። ብረት ቢጣመም ይሠራል። እኔን መፍራትህ ነው የከበደኝ። ምን አድርጌው ነው የሚፈራኝ እያልኩ ከረምኩ።"

እኔ ለእሱ ልናገር የቋጠርኩትን ቃል ነበር የነገረኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብል አላፍርም፤ ከለቅሶ የሚመለስ ሰው ቢያለቅስ ማን ይታዘበዋል። እኔም መኪናዋን ልተው እንደነበር ነገርኩት። ያን ጊዜ እሱም ሳቀ።

የማሳው ባለቤት፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ መጥታ የተጨፈለቀውን ድንቿን ስታይ ማነው የነዳው ብላ በወላይትኛ ጠየቀች። ሁለታችንም እኩል "እኔ ነኝ" አልን። ሴትዮዋ ተራ በተራ አየችንና ጎማውን የምናስርበት ገመድ ልታመጣ ሄደች።

ሶዶ አስጎትተን ስናስገባት እዚያው መናኸሪያ ጋ፣ ከተማው እያየን፣ ቀኑን ሙሉ ክሪክ ላይ አቆምናት። ለካስ ዘንጉን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ጥርሱ አልቆ ላልቷል። መንገዱ በነቀነቃት ቁጥር ዘንጉ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል፣ መሪውም አብሮት ይጣመማል። የመታ ሰው አልነበረም። እኛ ደግሞ ላዩን መሪውን ብቻ እያቃናን ከሥር እንዲላቀቅ ጊዜ ሰጠነው። አዲስ ዘንግ ገባ። እኔ ጋቢና ሆኜ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ወዳጄ ከፊት ቆሞ ጎማዎቹን እያየ "ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ" ይላል፣ መካኒኩ ከሥር ተኝቶ በግራም በቀኝም ያስተካክላል። አላፊው ሁሉ "ምን መታችሁ?" ሲለን "ምንም" እንል ነበር፤ ማንም አላመነንም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ስንቀባበል "ምንም አልመታሁም" ማለት የሰላምታችን አካል ሆነ። እየሳቅን እንላለን፣ ግን ሳንል አንለያይም።

ብዙ ወራት አልፈው አንድ ዓርብ ከስግደት ተመልሼ ሱቄ በሸማች ተሞልቶ ሳለ ወዳጄ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ በርቶ፣ ሰውን እየገፋ ገባ።

"ታ ኢሻ፣ ዛሬ መታሁ" አለኝ።

"ምን?"

"የቸርቻችንን በር።"

ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ትቼ ባንኮኒውን ዞሬ ወጣሁና አቀፍኩት። ሸማቾቹ ግራ ገባቸው፤ አንዲት እናት፣ ልጅ የተወለደለት መስሏቸው፣ "እንኳን ደስ ያለህ" አሉት።